ቲማቲሙን አምስት ጊዜ ረጨሁት፤ ትሉ ግን አልሞተም (የቆጋው ክር፣ ከመልስ 1 እስከ 43)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይህን ክር፣ ማለትም ይህን የጥያቄና መልስ ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ 43 መልስ ገብቶበታል። አሁን የሚመጣ ሰው ሁሉንም ከላይ ጀምሮ ማንበብ ይከብደዋል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። ቃል በቃል አልገለብጥም። አንዳንዱ በንዴት የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ኋላ ላይ ልቡ በርዷል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነበር። ከመርአዊ ወጣ ብሎ ቆጋ መስኖ ላይ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሦስት ቃዳ መሬት እናለማለን። ለማያውቅ ሰው፣ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። ሁለቱ ቃዳ ላይ ሽንኩርት፣ አንዱ ላይ ቲማቲም ተከልን። ጥር ላይ ቲማቲሙ አብቦ ደስ ብሎን ሳለ ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ፣ እንደ ብራና የሳሳ ነጠብጣብ ወጣ። በሳምንቱ ነጠብጣቡ ሰፍቶ ቅጠሉ ደረቀ። ቀጥሎ ፍሬው ከእንብርቱ አካባቢ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አወጣ። ስንቆርጠው ውስጡ ትል ነው። አምስት ጊዜ ረጨን። ገንዘቡም ጉልበቱም ሄደ፤ ትሉ ግን አለ። እናም ጥያቄዬ ክስም ነበረበት፦ የምንገዛው መድኃኒት ውሃ የተቀላቀለበት ይመስለኛል፤ ሌላ ሰው ላይስ ደርሷል ወይ አልኩ።

መልስ 1 ከደምበጫ ነው። ወንድማችን ሰላምታውን በደንብ አድርሶ፣ አምና በርበሬው ላይ ልክ እንደኔ እንደደረሰበት ነገረኝ። መልስ 2 እና 3ም ደገፉኝ። አንደኛው የዘንድሮ መድኃኒት የጎተራ ነቀዝ እንኳ አይገድልም ብሏል። እውነቱን ለመናገር እነዚህን ሦስት መልሶች ሳነብ እፎይ አልኩ። ጥፋቱ የሻጩ ነው፣ የኔ አይደለም ብዬ ነበር።

መልስ 4 ይህን ለወጠው። የጻፈችው ይልማና ዴንሳ ውስጥ በልማት ጣቢያ የምትሠራ እህት ናት። አልተቆጣችም፣ አልፈረደችም። ብቻ ሦስት ነገር ጠየቀች። የረጨኸው ምንድን ነው? የንግድ ስሙን ሳይሆን በትንሹ የተጻፈውን የንጥረ ነገሩን ስም ንገረኝ። በስንት ሊትር ውሃ ስንት አደረግህ? በስንት ሰዓት ረጨህ? ቅጠሉንም ወደ ፀሐይ ይዤ ፎቶ እንዳነሳላት ለመነችኝ። መልስ 5 የኔ ነው፤ አምስቱንም ጠርሙስና ፓኮ አሰልፌ አነሳሁና ለጠፍኩ። ልኬቱን በክዳን፣ ሰዓቱን ደግሞ ጠዋት አምስት ሰዓት ገደማ ብዬ ጻፍኩ።

መልስ 6 ላይ ራሷ ተመልሳ መጣች። ከአምስቱ ሁለቱ የፈንገስ መድኃኒት ናቸው። አንዱ ማንኮዜብ ነው፤ ሌላው ሜታላክሲልና ማንኮዜብ ተቀላቅለው ነው። የሚከላከሉት ቅጠል የሚያጠወልገውን የፈንገስ በሽታ ነው። ትልን አይነኩትም፤ ሥራቸውም አይደለም። የቀሩት ሦስቱ መልካቸውና ስማቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው አንድ ነው፤ ላምዳ ሳይሃሎትሪን። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ሞክሬያለሁ ያልኩት አንዱን ሦስት ጊዜ ደግሜ ነው ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁ። ወንድሜ ማሳው ውስጥ ነበር። ነገርኩት። ዝም አለ። ለነዚያ ጠርሙሶች የከፈልነው ብር የልጆቹ የትምህርት ወጪ ነበር። ሻጩን ያለ ማስረጃ መክሰሴም ከነከነኝ፤ መልስ 1ን ለጻፈው ወንድም የእሱንም ጠርሙስ እንዲያየው በግል ጻፍኩለት።

መልስ 7 ስለታም ነበር። ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ሰው ቲማቲም ባይተክል ይሻለዋል የሚል ነው። መልስ 8 ወዲያው ተነሳበት። ያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል የተጻፈ ነው፤ አንተስ ስንቱን አንብበህ ታውቃለህ አለው። መልስ 9 በመሐል ገብቶ ጠቃሚ ነገር ተናገረ። ፊደሉ ቢያቅት ከታች ያለውን የቀለም መቀነት ማየት ነው። ቀይ ከሁሉ አደገኛው ነው። ቢጫ ከሱ ቀጥሎ ነው፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። አረንጓዴ ማለት ግን ይጠጣል ማለት አይደለም፤ ጓንትና ጭምብል ለሁሉም ነው። ይህን ብዙ ገበሬ እንደማያውቀው እኔ ምስክር ነኝ። እኔም አላውቀውም ነበር።

መልስ 10 በክሩ ውስጥ ካሉት ረጅሙ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለ የዕፅዋት ሳይንስ ምሩቅ ነው የጻፈው። ፎቶውን አይቶ ቱታ አብሶሉታ ነው አለ። ገበሬው በአጭሩ ቱታ የሚለው። ክንፍ ሲያወጣ ግራጫማ ትንሽ የእሳት ራት ነው፤ ቁመቱ ከ7 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ቀን ቀን ቅጠል ሥር ይደበቃል፤ የሚበረው ሲመሽና ሲነጋጋ ነው። አንዲት ሴት እስከ 260 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቅጠሉን ቀዶ በላይኛውና በታችኛው ቆዳ መካከል ይገባል። ብራና የመሰለኝ እሱ ነው፤ ሥጋው ተበልቶ ቆዳው የቀረ ቅጠል። ጠግቦ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አፈር ይወርዳል፣ እዚያ ሙሽሬ ሆኖ፣ ማለትም ሳይበላ ተሸፍኖ፣ ይቆያል፣ ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይነሳል። በሙቀት ጊዜ ይህ ሁሉ ወር ገደማ ይፈጃል። እንዲህ እያለ በዓመት እስከ አሥር ትውልድ ሊደርስ ይችላል።

መልስ 11 አንድ አባት ናቸው። ይህ ትል በአባታቸው ዘመንም ነበር፣ አዲስ ነገር አይደለም አሉ። መልስ 12 በአክብሮት አረማቸው። የእርስዎ አባት ያዩት ፍሬውን ከውጭ ቦርቡሮ የሚገባው ወፍራሙ ትል ይሆናል፤ ያ የቆየ ነው፣ ሽምብራም ይበላል አለ። ቱታ ግን የደቡብ አሜሪካ ነው። በፈረንጆች 2006 ስፔን ገባ፤ ከዚያ ሜድትራንያንን ዞሮ በ2012 ኢትዮጵያ ታየ። እኚህ አባት ቅር አላላቸውም። እንዲያውም አመሰገኑት፤ ብቸና ላይ ሽምብራ የሚበላውን ጓይ ትል እንደሚሉት ጨመሩ። እንዲህ ያለ ንግግር ሳይ ደስ ይለኛል።

መልስ 13 የልማት ጣቢያዋ እህታችን ናት፤ ለምን እንዳልሞተ አስረዳች። የረጨሁት መድኃኒት ነፍሳቱን ሲነካ የሚገድል እንጂ ቅጠል ውስጥ ዘልቆ የሚገባ አይደለም። ትሉ ደግሞ በሁለት ቆዳ መካከል ተጠልሏል። የበረረው የእሳት ራት በአምስት ሰዓት ፀሐይ ቅጠል ሥር ነው፤ እኔ የረጨሁት ከላይ። ከዚህም ሌላ ቱታ በብዙ አገር ይህንን የመድኃኒት ቤተሰብ ለምዶታል። አንዱን ደጋግሞ መርጨት ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ለዘር ማስቀረት ነው። መለወጥ ካለበት የንግድ ስሙ ሳይሆን ቤተሰቡ መለወጥ አለበት። ክሎራንትራኒሊፕሮል ከአንዱ ቤተሰብ ነው፣ ስፒኖሳድ ከሌላው። እነዚህንም ቢሆን አንዱን ብቻ ሙጭጭ ማለት አይገባም፤ ብራዚልና ጣሊያን ውስጥ ክሎራንትራኒሊፕሮልንም የለመደ ቱታ ተገኝቷል።

መልስ 14 ያመጣው ሐሳብ በየማሳው የሚሠራ ነው። ሦስት አራት መድኃኒት በአንድ መርጫ ደባልቆ ኃይል መስጠት። ጸሐፊው ለሽንኩርቱ ሁልጊዜ እንደዚያ እንደሚያደርግ በኩራት ጻፈ። መልስ 15 አላዘነለትም፤ ሰው ልታሳብድ ነው ወይ ብሎ ጮኸበት። መልስ 16 ግን በዝግታ የራሱን አወራ። የአጎቱ ልጅ ፕሮፌኖፎስ ከሌላ ነገር ጋር ደባልቆ፣ በባዶ እግሩ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ይረጭ ነበር። ከሰዓት ላቡ ወረደ፣ አፉ ምራቅ ሞላ፣ የዓይኑ ብሌን ጠበበ፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሰው ሸክም ጤና ጣቢያ ደርሶ ተረፈ። ጸሐፊው ለሁላችንም የሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ሰው ሲወድቅ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ምን እንደሆነ ካወቀ ነው ቶሎ የሚረዳው። መልስ 14ን የጻፈው ሰው ከዚህ በኋላ ተመልሶ አልተከራከረም።

ከ17 እስከ 22 ያሉት የጓሮ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ያሉ እናት ጎመናቸውን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት እንደጨረሰው ጻፉ። አመድ ነሰነሱ፣ ምንም አልሆነም። አንዱ ወጣት እትዬ ብሎ ጀምሮ የሳሙና ነገር ነገራቸው። የልብስ ሳሙና፣ ዱቄቱን ሳይሆን ድፍኑን፣ በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ያህል ፍቀው አሟሙተው፣ ከቅጠሉ ሥር በደንብ ያርሱት አላቸው። የጎመን ክሽክሽ ላዩ ሰም አለው፤ ውሃ ያንሸራትታል፤ ሳሙናው ያንን ነው የሚሰብረው። ሳሙና የሚሠራው ሲነካ ብቻ ስለሆነ በየአምስት ስድስት ቀኑ መደገም አለበት፤ በጠራራ ፀሐይም አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል።

መልስ 19 ትምባሆ ዘፍዝፈው ይርጩ አለ። መልስ 20 ተቃወመው፤ እኔም ከሱ ጋር ነኝ። የትምባሆ ውሃ ለሚረጨው ሰው ራሱ መርዝ ነው። ደግሞ ትምባሆ የሚያጠቃው ቫይረስ ወደ ቲማቲምና በርበሬ ይተላለፋል፤ ትሉን አባርራለሁ ሲሉ በሽታ ማስገባት ይሆናል። መልስ 21 ቢርቢራ አነሳ። የጣና ዳር ሰው ፍሬውን ወቅጦ ዓሣ ያደነዝዝበት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ውስጡ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው፤ ነፍሳትንም ይገድላል። እዚህ ላይ እኔ ራሴ አንድ ነገር ጨመርኩ። ዓሣ የሚገድል ነገር ቦይ ዳር አይረጭም። የኛ ቦይ ውሃ ወርዶ ወንዝ ነው የሚገባው። ከተፈጥሮ መጣ ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

መልስ 22 ላይ እኚያ እናት ተመልሰው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ጎመኑ ላይ ጥቁርና ብርቱካናማ፣ አዞ የመሰሉ ትንንሽ ነገሮች ነበሩና እየጨፈለቁ ጨርሰዋቸዋል። እነዚያስ ምን ነበሩ አሉ። የዚያች ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛ ልጆች ናቸው። ክሽክሽን እንደ ቆሎ የሚበሉት እነሱ ናቸው። እናትየው በጣም አዘኑ። እኔ ግን ጥያቄው ከክሩ ምርጥ ከሚባሉት አንዱ ነው እላለሁ፤ ስንቶቻችን ነን ወዳጅና ጠላቱን ሳንለይ የምንጨፈልቅ።

መልስ 23 ከፋግታ ለኮማ ነው። ከርዕሱ ወጥቶ የዲከረንስ ዛፉ እየደረቀ መሆኑን፣ የነፍሳት መድኃኒት ቢረጭ ያድን እንደሆነ ጠየቀ። መልስ 24 ያ ዝገት የሚባል ፈንገስ እንጂ ነፍሳት እንዳልሆነ ነገረው። መልስ 25 ወደ ጫት ወሰደው፤ እዚያ ላይ የሚረጨውን ሰው በማግስቱ ያኝከዋል ብሎ አማረረ። ነገሩ ከባድ ነው፤ የራሱ ክር ይገባዋልና አለፍነው። ግን ለኛም ቲማቲም ይሠራል። ጠርሙሱ ላይ ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ተጽፏል። ገበያ ደረሰ ብሎ ያንን ቀን መዝለል የሰው ልጅ ላይ መፍረድ ነው።

መልስ 26 ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ዳንግላ አካባቢ የሚኖሩ ንብ አርቢ አባት ናቸው። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት፤ ውስጡ ግን ሐዘን ነው። ጥር ላይ አንድ ጠዋት ወደ ቀፎዎቻቸው ሲሄዱ በየአፉ ሥር ንቡ ክምር ሆኖ ሞቶ አገኙት። የቀረው እየተንከላወሰ ነው። ጎረቤት ማሳ ውስጥ ያበበ አረም ላይ ጠዋት ተረጭቶ ነበር። ትሉ ለበላው ንቡ ተቀጣ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነብኝ ይላሉ። በመስከረም አደይ አበባና መች የሚባለው አበባ ላይ ሲቀስሙ የነበሩ ንቦች ናቸው። ከሰባት ቀፎ የተረፋቸው ሁለት ነው።

እኔ በጠዋት አምስት ሰዓት ነበር የረጨሁት። ቦዩ ዳር ያበበ አረም ነበር። ንብ ነበረ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ ነበረ። መልስ 27 የኔ ነው፤ ይቅርታ ነው። ካሁን በኋላ የምረጨው ንብ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ቀፎ ላለው ጎረቤትም ከአንድ ቀን በፊት እናገራለሁ።

መልስ 28 የሰው ሆድ ሳይሞላ ስለ ንብ ማልቀስ ምን ይባላል ብሎ ጻፈ። መልስ 29 የሰጡት የደብረ ማርቆሷ እናት ናቸው፤ እንደሳቸው የተናደደ ሰው በክሩ ውስጥ የለም። ጎጃም ተወልደህ ኑግ የሚያፈራው በምን እንደሆነ አታውቅም ወይ አሉት። እውነታቸውን ነው። ኑግ በራሱ አበባ ዱቄት ብቻ በቀላሉ ፍሬ አይቋጥርም፤ ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ንብ ነው። የሽንኩርት ዘር የሚያባዛም ሰው ያለ ንብ ባዶ እጁን ነው የሚቀረው። መልስ 28 ከሳቸው ሌላ ምላሽ አላገኘም፤ አያስፈልገውምም ነበር።

መልስ 30 ላይ ሽንኩርቴን ጠየቅሁ። ቅጠሉ ብርማ ሽርጥ አውጥቷል። የመለሰልኝ መልስ 31 ትሪፕስ የሚባል ነፍሳት ነው አለ። ቁመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከመሐለኛው ቅጠል እጥፋት ውስጥ ተሸጉጦ ይመጥጣል። የካቲትና መጋቢት ሙቀቱ ሲጨምር ይብሳል፤ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ይቀንሳል። ውሃ የጠማው ሽንኩርት ደግሞ ቶሎ ይሸነፋል። ዩሪያ ማብዛትም ይጋብዘዋል። ርጭቱ ከላይ ቢወርድበት ሰም በቀባው ቅጠል ላይ ተንከባሎ ይፈሳል፤ የሚያጣብቅ ነገር ጨምሮ አንገቱ ውስጥ ማስገባት ነው። ዋናው ግን በሽንኩርት ላይ ሽንኩርት አለመትከል፣ ከአሮጌ ሽንኩርት አጠገብም አዲስ አለመትከል ነው። ቆጋ ላይ 7,000 ሄክታር ገደማ በአንድ ግድብ ይለማል፤ ሁላችንም በየዓመቱ ያንኑ ከተከልን ለትሪፕስ ድግስ ነው።

መልስ 32 ባሕር ዳር አካባቢ አበባ እርሻ የሠራ ልጅ ነው። ጽጌረዳ ላይ ቀይ ሸረሪትን የሚበላ ሌላ ጥቃቅን ነፍስ ገዝተው ይለቁ እንደነበር ነገረን። ለኛ አይሆንም፤ እነሱ የሚያለሙት በላስቲክ ቤት ውስጥ ነው፣ እኛ ሜዳ ላይ ነን። ግን በኬሚካል ብዛት የሚታማው እርሻ እንኳ ወዳጅ ነፍሳትን በገንዘብ እየገዛ ነው፤ እኛ ነፃ የመጡልንን እንገድላለን። ይህን ማወቄ ጥሩ ሆነ።

መልስ 33 ከብር ሸለቆ በኩል ነው። በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች በቆሎ ላይ ሲወርድ ያዩትን አስታወሰ። የድሮው ተምች መንጋ ሆኖ መጥቶ ይሄድ ነበር፤ ይኸኛው መጥቶ ቀረ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ዋይ የመሰለ ምልክት፣ ጅራቱ አጠገብ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ነጥቦች አሉት። ቀን ከበቆሎው እምብርት ውስጥ ነው፤ በላዩ የራሱ ኩስ ክዳን ሆኖለታል። በቀን የረጨ ምንም አላገኘም። ሰፈሩ ሁሉ ልጅ አዋቂ ሳይል በማለዳ ወጥቶ በእጅ ለቀመው፤ ጠጉር የለበሰውን እንቁላል ከነቅጠሉ ጨፈለቀ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው አለ፤ እንቁላሉ በሁለት በሦስት ቀን ይፈለፈላልና።

ይህ መልስ ነው ወንድሜን ያስነሳው። አንድ ሰው ማሳ ብቻውን ምንም ነው አለኝ።

መልስ 34 ስለ ቱታ ወጥመድ ነው፤ እንዲህ አደረግን። የሴቷን ሽታ የያዘች ትንሽ ጎማ በዘመድ በኩል ከባሕር ዳር አስመጣን። ሳፋ ውስጥ ውሃና ጥቂት ሳሙና አድርገን፣ ከመሬት ብዙ ሳናርቅ ማሳው መሐል አኖርነው፤ ጎማዋን ከውሃው በላይ በሽቦ አንጠለጠልናት። ወንዱ ሴት አገኘሁ ብሎ ይመጣና ይሰምጣል። የመጀመሪያዋ ሌሊት 64 ቆጠርን። መልስ 35 እህታችን ናት፤ ቁጥሩ ብዙ እንደሆነ፣ ወጥመዱም ወንዱን ብቻ ስለሚይዝ ብቻውን እንደማያድን አስጠነቀቀች። ወጥመድ ዓይን ነው፤ መቼ እንደሚመጣ ያሳያል። መልስ 36 የደብረ ማርቆሷ እናት ለጎመናቸው ይሆን እንደሆነ ጠየቁ። አይሆንም፤ ያ ሽታ የቱታ ብቻ ነው።

መልስ 37ን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አጻጻፌ ላይ ተቆጥቼ ነበር። ከኛ ማሳ በላይ በኩል፣ በዚያው ቦይ፣ አንድ ሰው ቲማቲሙን ሳይለቅም ጥሎት ሄዷል። ፍሬው መሬት ላይ ይበሰብሳል፤ ከያንዳንዱ ትል ይወጣል። የሳፋችን ሟች ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ይህ ሰው ለጎረቤት አይገደውም አልኩ።

መልስ 38 ሰውየው ራሱ ነው። ክሩን ሲያነብ ነበር። በቁጣ መለሰ። ሳጥኑ ስንት እንደገባ ታውቃለህ ወይ አለኝ። ደላላው የሰጠው ዋጋ የለቃሚ የቀን ሠራተኛ እንኳ አይከፍልም ነበር። ለቅሞ ከሚከስር ትቶ መክሰር መረጠ። መልስ 39 እሱን፣ መልስ 40 እኔን ደገፈ፤ ሁለቱም ደረቅ ነበሩ። ሌሊቱን አሰብኩት። ትሉ ከሱ ማሳ መምጣቱ እውነት ነው። ዋጋው መውደቁም እውነት ነው። እኔም በዚያ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም።

መልስ 41 ላይ ያንን ጻፍኩ። ቲማቲሙን ነቅለን የምንቀብርለት እኛው ነን፣ ፈቃድህ ይሁን አልኩት። መልስ 42 የሱ ነው፤ አጭር ነው። ቅዳሜ በማለዳ ኑ፣ ዶማው ከኔ ነው አለ።

ሰባት ሰው ሆንን። ሁለቱ ይህን ክር ሲከታተሉ የነበሩ የዚያው ቦይ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ ከዚያ በፊት አንተዋወቅም። ከጉልበት በላይ ጉድጓድ ቆፈርን። የሱንም የኛንም ያለቀለት ተክል ከነፍሬው ከተን አፈር ረገጥንበት። አጠገብ ያለውን ድንች ቅጠሉን አገላብጠን አየን፤ ቱታ ድንችም ይበላልና። ጥቂት አገኘን፤ ቅጠሉን ቆርጠን አብረን ቀበርን። ሰውየው ቡና አፈላልን። ስለ ዋጋው፣ ስለ ደላላው፣ ስለ ልጆቹ አወራን።

መልስ 43 የኔ ነው። ያ ቃዳ ላይ አሁን በቆሎ ዘርተናል፤ ቱታ በቆሎ አይበላም። የእሱም ማሳ ላይ እንደዚሁ። ሳፋው እዚያው አለ፤ በየማለዳው ተራ በተራ እንቆጥራለን። ዛሬ ጠዋት ተራው የሱ ነበር። ዘጠኝ ብሎ ጻፈልኝ።